ከአፈሙዙ ምን ይወጣል?

በዓል በመጣ ቁጥር በየሱቁ ደጃፍና በየእግረኛው መንገድ ላይ የሚደረደሩትን የአሻንጉሊት ሽጉጦች አይታችኋል። ጥቁሩ፣ ብርማው፣ ቢጫው፣ መብራት የሚያበራው፣ ፍሬ የሚተፋው፣ ሁሉም አንድ ሸራ ላይ ተዘርግቶ ልጆችን ይጣራል። ዋጋው ከዶሮውና ከዘይቱ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ብዙዎቻችን ለመምረጥ ጊዜ አንሰጠውም። ሽንኩርት ስንገዛ አንድ በአንድ እናገላብጣለን፣ እንቁላል ስንገዛ ፀሐይ ላይ ይዘን እናያለን። ለልጃችን እጅ የምንሰጠውን ሽጉጥ ግን «የትኛውን ነው የምትፈልገው?» ብለን ልጁ የጠቆመውን እንከፍላለን።

እኔ በነርስነት ዲፕሎማ ተመርቄ ከ30 ዓመት በላይ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከዚያ ውስጥ ረጅሙን ጊዜ ያሳለፍኩት በድንገተኛ ክፍልና በዓይን ክፍል ነው። በበዓል ማግስት ተረኛ ሆኖ የሚያውቅ የጤና ባለሙያ የሚመጣበትን በሽተኛ ከወዲሁ ያውቀዋል። ቢላዋ ያመለጠው አባወራ፣ ቅባት የበዛበት ምግብ ያልተስማማው አዛውንት፣ የፈላ ወጥ የተደፋበት ሕፃን ይመጣሉ። ከእነሱ ኋላ ደግሞ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ከእናቱ ጉያ የተሸጎጠ ልጅ ይመጣል። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ልጅ ነው፤ ይበልጡንም ልጁ እኛ ዘንድ እንዳይመጣ ሱቁ ደጃፍ ላይ በአምስት ደቂቃ ማድረግ ስለምንችለው ነገር ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ልበል። ለልጅ የአሻንጉሊት ሽጉጥ መግዛት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳም። በየቤቱ የተለያየ አቋም አለ። «አትግዙ» ብል የሚሰማኝ እንዳለ ሁሉ «እኛስ በእንጨትና በሸምበቆ ጠመንጃ ሠርተን አልተጫወትንም ወይ?» የሚለኝም ብዙ ነው። ልክ ነው፣ ተጫውተናል። የእንጨቱ ጠመንጃ ግን «ጧ!» የሚለው በአፋችን ነበር፤ ከውስጡ የሚወጣ ነገር አልነበረውም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ሻጩን የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ነው?» ሳይሆን «ከአፈሙዙ ምን ይወጣል?» መሆን አለበት።

የዚህ ጥያቄ መልስ ገበያ ላይ ያሉትን ሽጉጦች በሙሉ በየፈርጁ ይለይልናል። አንደኛው ምንም የማይወጣው፣ ድምፅና ብልጭታ ብቻ ያለው ነው። ሁለተኛው የውሃ ሽጉጥ ነው። ሦስተኛው ጫፏ ግድግዳ ላይ የምትለጠፍ ለስላሳ ላስቲክ ወይም ስፖንጅ የሆነ ረዘም ያለች ጥይት የሚተኩስ ነው። አራተኛው በቀይ የፕላስቲክ ቀለበት ላይ የተደረደረች ጥቂት ባሩድ እየመታ የሚያጮህ ነው። አምስተኛው ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፉ የሚያብጡ፣ እንደ ዶቃ ያሉ ለስላሳ ፍሬዎችን የሚተፋ ነው። ስድስተኛውና በእኔ ልምድ ከሁሉም የከፋው ጠንካራ የፕላስቲክ ፍሬ የሚተኩሰው ነው። ፍሬዋ ብዙ ጊዜ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት፣ ቢጫ ወይም ነጭ፣ ከሽንብራ የማትበልጥ ናት።

ትንሽነቷ ነው ችግሩ። ፈጣሪ ዓይናችንን ያስቀመጠው በአጥንት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ኳስ ፊታችንን ቢመታን፣ ቡጢም ቢያርፍብን፣ አብዛኛውን ምት የቅንድብና የጉንጭ አጥንት ይቀበልልናል፤ ዕቃው ከጉድጓዱ ስለሚሰፋ በሙሉ አይገባም። 6 ሚሊ ሜትር የሆነች ፍሬ ግን በአጥንቶቹ መሐል አልፋ፣ ያለ የሌለ ኃይሏን ይዛ በቀጥታ የዓይን ኳሱ ላይ ታርፋለች። ከዓይኑ ፊት ለፊት ያለውን መስታወት መሳይ ሽፋን ትፍቃለች፣ በውስጡ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ትበጥሳለች፣ ሌንሱን ታናውጣለች፣ አንዳንዴም ከኋላ ያለውን የብርሃን መቀበያ ሽፋን ትጎዳለች። ልጁ ግን ከውጭ ሲታይ ትንሽ የቀላ ዓይን ብቻ ሊኖረው ይችላል።

አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ትዝ ይለኛል። ቡሄ ላይ ሆያ ሆዬ ብሎ ከጓደኞቹ ጋር በተካፈላት ገንዘብ ከሰፈር ሱቅ ሽጉጥ ገዛ። ግቢ ውስጥ ከአክስቱ ልጅ ጋር ተራ በተራ ሲጫወቱ አንዷ ፍሬ ቀኝ ዓይኑን መታችው። ሽጉጡን እንዳይቀሙት ፈርቶ ለማንም አልተናገረም። በማግስቱ እናቱ ዓይኑ መቅላቱን ስታይ ከጎረቤት የተረፈ የቴትራሳይክሊን ቅባት አምጥታ ቀባችለት። ቅባቱ የበሽታ መድኃኒት እንጂ የምት መድኃኒት አይደለም። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ልጁ ራስ ምታቱን መቋቋም አቅቶት እያስታወከ ይዛው መጣች። በባትሪ መብራት ስናየው ከዓይኑ ጥቁር ክፍል ፊት ለፊት ደም ተጠራቅሞ፣ ልክ ሲኒ ሥር እንደሚቀር የቡና አተላ ከታች ረግቷል። የዓይኑ ግፊትም ከልክ በላይ ጨምሯል። ሐኪሞቹ የቻሉትን ሁሉ አደረጉ፤ ዓይኑ ከነቅርጹ ተረፈ። በዚያ ዓይን ፊደል ማንበብ ግን አልቻለም።

ያቺ እናት ልጇን የምትወድ፣ ንጹሕ፣ ጠንቃቃ ሴት ነበረች። ይህን የምላችሁ ጉዳዩ የግዴለሽ ወላጆች ብቻ እንዳይመስለን ነው። ደግሞም የእኛ አገር ብቻ ጉዳይ አይደለም። በግብፅና በኢራቅ ከዒድ በዓል በኋላ የዓይን ሐኪሞች በእነዚህ ፍሬዎች የተመቱ ሕፃናትን ያክማሉ። አፍጋኒስታን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 በዒድ አል ፈጥር በዓል ቀናት ብቻ ከመቶ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ዓይናቸው ላይ ጉዳት ደርሶባቸው የአገሪቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር አሻንጉሊት ሽጉጦችን እስከ መከልከል ደርሷል። በዓሉ ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው፦ የልጅ እጅ ላይ ገንዘብ የሚገባበት ቀን፣ ርካሽ ዕቃ፣ ሥራ የበዛበት ወላጅ።

እንግዲህ ሱቁ ደጃፍ እንቁም። ፍሬ የሚተኩሰውን ሽጉጥ ሻጩ «እናቴ፣ አሻንጉሊት እኮ ነው፣ ምንም አያደርግም» ይላችኋል። «እንግዲያው ልጄ፣ እስቲ ተኩሰህ አሳየኝ» በሉት። አንድ የጋዜጣ ገጽ በሁለት እጃችሁ ወጥራችሁ ከፊታችሁ ራቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ ከጀርባው ሰው አለመኖሩን አረጋግጡ። ሻጩ በክንድ ርቀት ሆኖ ወረቀቱ ላይ ይተኩስ። ወረቀቱ ከተበሳ ያ ዕቃ የልጅ መጫወቻ አይደለም፣ ይመልሰው። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ወረቀቱ አልተበሳም ማለት ዓይን አይጎዳም ማለት አይደለም። ፈተናው መጥፎውን ለመጣል እንጂ ጥሩውን ለማጽደቅ አይሆንም። ለእኔ ጠንካራ ፍሬ የሚተኩስ ሽጉጥ በየትኛውም ዋጋ ከቤቴ አይገባም።

ስፖንጅ ወይም ላስቲክ ጥይት የሚተኩሰውን ከመረጣችሁ ጥይቷን አንሡና ጫፏን አጥብቃችሁ ሳቡት። ላስቲኩ ከእንጨቱ ወይም ከፕላስቲኩ ከተላቀቀ ሁለት አደጋ ተወለደ፤ የተላቀቀው ላስቲክ የሕፃን ጉሮሮ ይዘጋል፣ የቀረው ሹል ደግሞ ዓይን ይወጋል። ጥይቷ ሙሉ ብትሆንም ልጆች አፋቸው ውስጥ የመያዝ ልማድ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ 1.8 ሚሊዮን ያህል የአሻንጉሊት ሽጉጦች ከገበያ እንዲሰበሰቡ የተደረገው ሁለት ልጆች ለስላሳዋን ጥይት አፋቸው ውስጥ ይዘው ሲጫወቱ ጉሮሯቸው ውስጥ ገብታ ታፍነው በመሞታቸው ነበር። ሁለቱም ሕፃናት ሳይሆኑ የዘጠኝና የአሥር ዓመት ልጆች ነበሩ። «ይኼ እኮ ትልቅ ልጅ ነው» የምንለው ዕድሜ ማለት ነው።

ቀጥሎ አፈሙዙን እዩ። እርሳስ ወይም እስክሪብቶ ይገባበታል? ልጅ ጥይቱ ሲያልቅበት ሌላ ነገር መክተቱ አይቀርም፤ ጠጠር፣ ክብሪት፣ የተሰበረ እርሳስ። የራሱን ጥይት ብቻ እንዲወስድ ተደርጎ የተሠራና ያገኘውን ሁሉ የሚውጥ ሽጉጥ እኩል አይደሉም። ምላጩንም አሥር ጊዜ ያህል ሳቡት። ርካሽ ፕላስቲክ ደረቅ ስለሆነ ሞላው ባለበት በኩል ነጭ የስንጥቅ መስመር ያወጣል። ያ መስመር ከታየ በሁለተኛው ቀን ይሰበራል፤ ስብርባሪው ስለት ነው። የሁለቱ ግማሾች መጋጠሚያ ላይ አውራ ጣታችሁን ከላይ እስከ ታች አሂዱ። የእናንተን የጎለመሰ ጣት የሚቧጭር ጠርዝ የልጅን ከንፈር ይቆርጣል።

ድምፅና ብልጭታ ብቻ ያለው ሽጉጥ ከሁሉም የተሻለ ይመስላል፤ ከአፈሙዙ አንጻር እውነት ነው። የእሱ ጣጣ ያለው ሆዱ ውስጥ ነው። ባትሪውን እዩ። በርካታ ትንንሽ መጫወቻዎች የሚሠሩት የሰዓት ባትሪ በምንለው፣ ክብ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሳንቲም በሚመስለው ባትሪ ነው። የባትሪው ክዳን በብሎን የታሰረ መሆን አለበት። በጥፍር የሚከፈት ወይም መሬት ሲወድቅ የሚበረገድ ከሆነ፣ ቤታችሁ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከት ሕፃን ካለ፣ አትግዙት። ሽጉጡ ለትልቁ ቢገዛም ባትሪውን የሚያገኘው ትንሹ ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደማካብደው ልንገራችሁ። ክቧ ባትሪ የሕፃን ጉሮሮ ላይ ስትቀረቀር ምራቅ ሲነካት ኤሌክትሪኩ መሥራት ይጀምራል፤ በዚያ ሥፍራም እንደ በረኪና ያለ የሚያቃጥል ነገር ይፈጠራል። ከባድ ቃጠሎ ለማድረስ ሁለት ሰዓት ሊበቃት ይችላል። በጣም አደገኛዎቹ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ ከሚጻፈው 2032 የሚለው ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ይህንኑ ስፋት ይናገራሉ። መብራቱ የደከመ ባትሪም ያቃጥላል። ምልክቱ ከጉንፋን ጋር ይመሳሰላል፦ ልጁ ለሃጩን ያዝረከርካል፣ ምግብ እምቢ ይላል፣ ያስለዋል፣ ይነጫነጫል። «ጥርስ ሊያበቅል ነው» ተብሎ ሁለት ቀን የቆየ ሕፃን ራጅ ተነሥቶ ደረቱ ላይ ክብ ነገር ቁልጭ ብሎ ሲታይ ክፍሉ ውስጥ የሚወርደውን ዝምታ ለማንም አልመኝም።

ባትሪ ውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አታስታውኩት፣ ዳቦም ሆነ ውሃ አትስጡት። ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ወዲያውኑ ሂዱ። ልጁ ዓመት ያለፈው፣ መዋጥ የሚችልና ባትሪውን ከዋጠ 12 ሰዓት ያልሞላው ከሆነ፣ በመንገድ ላይ ሳላችሁ ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር በየ10 ደቂቃው እስከ ስድስት ጊዜ መስጠት ቃጠሎውን እንደሚያዘገይ የመርዝ ሕክምና ባለሙያዎች ይመክራሉ። ማሩ እጃችሁ ላይ ከሌለ ግን ፍለጋ አትውጡ፤ ከማሩ መንገዱ ይቅደም። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም።

ውሃ ጠጥተው የሚያብጡትን ፍሬዎችም ቸል አትበሉ። ደረቅ ሳሉ እንደ ሰናፍጭ ወይም እንደ ስኳር ፍሬ ጥቃቅን ናቸው። ሕፃን ቢውጣቸው አንጀት ውስጥ እያበጡ ሄደው መተላለፊያውን ይዘጋሉ፤ እንደ ባትሪው ደግሞ በራጅ በግልጽ አይታዩም። ባሩድ የሚያጮኸውን በተመለከተ ጉዳዩ የጆሮ ነው። ልጅ ሽጉጥ ሲይዝ በክንድ ርቀት አይደለም፤ ጓደኛው ጆሮ ሥር ያደርገዋል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ጆሮ አጠገብ የሚፈነዳ ድምፅ የመስማት ኃይልን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ሱቁ ደጃፍ ሲተኮስ እናንተን ካስበረገጋችሁ ለልጁ ከልክ በላይ ነው። ቀይ የጨረር ነጥብ ያለውን ደግሞ ማንም ዓይን ላይ ሳታበሩ ራቅ ያለ ግድግዳ ላይ ሞክሩት። መንገዱን ተሻግሮ ደምቆ የሚታይ ከሆነ ጨረሩ ለመጫወቻ የሚበዛ ነው፤ ልጅ ደግሞ መጀመሪያ የሚያበራው ጓደኛው ፊት ላይ ነው።

ከዚያ ሳጥኑን አንብቡ። ሳጥን የሌለው፣ በላስቲክ ብቻ የተጠቀለለ ከሆነ ማን እንደሠራው፣ ማን እንዳስገባው የሚነግራችሁ የለም ማለት ነው። ዕድሜ የተጻፈበትን ፈልጉ። ፍሬ ከሚተኩሱት መካከል ሳጥናቸው ላይ 14 ወይም 18 ዓመት ብለው የሚጽፉ አሉ፤ ሻጩ አላነበበውም፣ እኛም አናነበውም። አምራቹ ራሱ «ለልጅ አይደለም» እያለ እኛ ለስድስት ዓመት ልጅ እንሰጣለን። በቀይ ክብ ውስጥ 0-3 ተብሎ በሕፃን ፊት ላይ መስመር የተሠመረበት ምልክት ደግሞ ከሦስት ዓመት በታች ላሉት አይሆንም ማለት ነው፤ ብዙ ሰው ለዚህ ዕድሜ የተፈቀደ ይመስለዋል። ሲ እና ኢ የሚሉት የላቲን ፊደሎች በአውሮፓ የደኅንነት ሕግ መሠረት መሠራቱን የሚያመለክቱ ናቸው። ነገር ግን በአብዛኛው ምልክቱን የሚለጥፈው አምራቹ ራሱ በመሆኑ፣ ርካሽ ዕቃ ላይ ምልክቱ መኖሩ ብቻውን ልባችንን እንዲጥለው አይገባም።

ቀለሙንና ሽታውን ለመፈተሽ እርጥብ ነጭ ሶፍት በቂ ነው። ሶፍቱን እያሻሻችሁ ቀለሙ ከለቀቀ ልጁ አፍ ውስጥም ይለቃል። አንዳንድ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ የሚባለው ማዕድን ይገኛል፤ ለልጅ አእምሮ ጎጂ ነው፣ «ይህን ያህል ቢሆን ችግር የለውም» የሚባል መጠንም እንደሌለው የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። እርሳስ በዓይንም በአፍንጫም አይለይም፤ ስለዚህ ቀለሙ የሚላጥን ዕቃ መተው ይሻላል። አፍንጫ የሚሰነፍጥ የኬሚካል ሽታ ያለውንም እንደዚያው።

ሌላው መልኩ ነው። እውነተኛ ሽጉጥ የሚመስለውን ጥቁሩን ትታችሁ ብርቱካንማ፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ምረጡ። ይህ ለጌጥ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የአሻንጉሊት ሽጉጥ አፈሙዝ ብርቱካንማ ምልክት እንዲኖረው ሕግ የወጣው ሰው እንዳይሳሳት ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ ታሚር ራይስ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ መናፈሻ ውስጥ ፍሬ የሚተኩስ አሻንጉሊት ሽጉጥ ይዞ ሲጫወት ፖሊስ እውነተኛ መስሎት ተኩሶ ገድሎታል፤ ብርቱካንማው ምልክት ከአፈሙዙ ላይ ተነሥቶ ነበር። ልጆቻችሁና የልጅ ልጆቻችሁ እዚያ አገር የሚኖሩ፣ ለጥየቃ ስትሄዱ ከዚህ ይዛችሁ የምትሄዱትን መጫወቻ በዚህ ዓይን እዩት። እዚህም ቢሆን ነገሩ ይመለከተናል። ቤቱ ውስጥ ፈቃድ ያለው መሣሪያ የሚያስቀምጥ አባት ወይም አያት ካለ፣ ልጁ በሁለቱ መካከል ልዩነት እንዳያጣ መጫወቻው በሩቁ መጫወቻ መምሰል አለበት፤ እውነተኛው ደግሞ ጥይቱ ወጥቶ ተቆልፎበት ልጅ ከማይደርስበት ይሁን።

ይህን ሁሉ ስጽፍ «የምን ጣጣ ነው?» የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ሁሉም ተደምሮ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ጠይቁ፣ አስተኩሱ፣ ሳቡ፣ ዳብሱ፣ ክዳኑን እዩ፣ ሳጥኑን አንብቡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው በዋዜማው ምሽት በጥድፊያ የተገዛ ነው በአብዛኛው ጣጣ የሚያመጣው። ከሁሉ የሚከብደው ግን እኛ የገዛነው ሳይሆን ሌላ ሰው ያመጣው ነው። አጎት ወይም የክርስትና አባት በፍቅር ገዝቶ ሲመጣ ከልጁ እጅ መንጠቅ ያሳፍራል። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ስጦታውን አመሰግንና «ፍሬዎቹን እኔ ላስቀምጥለት፣ ባዶውን ይጫወት» እላለሁ። ፍሬዎቹ ከዚያ በኋላ አይገኙም። ሰውየውም አይቀየምም፣ ልጁም ሽጉጡን አያጣም። የበዓል ገንዘብ እጃቸው የሚገባ ልጆችንም ከበዓሉ በፊት አስቀምጦ መነጋገር ይበጃል፦ «ፍሬ የሚተኩስ አይገዛም፤ የተመታ ሰው ካለ ደግሞ የሚነግረኝ አይገረፍም፣ ሽጉጡም አይወሰድበትም።» የመጨረሻዋን ቃል መጠበቅ ግዴታ ነው፤ ልጅ የሚደብቀው ቅጣቱን ፈርቶ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አደጋ ቢደርስስ? ዓይኑ የተመታን ልጅ ዓይን አትሹ፣ አትጫኑ። ቅቤ፣ የጡት ወተት፣ የተረፈ ጠብታም ሆነ ቅባት አታድርጉ። የተሰካ ነገር ካለ አትንቀሉት፣ በውሃም አትጠቡት። የወረቀት ኩባያ ሥሩን ቆርጣችሁ፣ ጠርዙ አጥንቱ ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ፣ ዓይኑን ሳይነካ ሸፍኑና በፕላስተር ያዙት። ልጁን ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት እንጂ በጀርባው አታስተኙት። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም የመፍሰስን ዕድል ስለሚጨምሩ አትስጡ። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችል ሐኪም እስኪያየው ምግብና መጠጥ ይቆይ። ሕመሙ ቢያልፍም፣ ዓይኑ ደህና ቢመስልም በዚያው ቀን የዓይን ሕክምና ወዳለበት ሂዱ፤ አዲስ አበባ ያላችሁ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልን ታውቁታላችሁ። ውስጡ የደማ ዓይን በቀጣዮቹ አምስት ቀናት ውስጥ ዳግመኛ ሊደማ ይችላል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል። ሐኪሙ «ይረፍ፣ አይሩጥ» ያለው ለዚህ ነው። ዓይኑ ከዳነ በኋላም የተመታ ዓይን ከዓመታት በኋላ ግፊቱ ሊጨምር ስለሚችል በየጊዜው መታየት ይኖርበታል።

በመጨረሻ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ልትሠሩት የምትችሉትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልጅ አንድ ዓይኑ ማየት ቢያቆም ብዙ ጊዜ አይናገርም፤ በሌላው ስለሚያይ ራሱም አያውቀውም። በተለይ ሰባት ስምንት ዓመት ሳይሞላው የደከመ ዓይን በጊዜ ካልታከመ አእምሮው ያንን ዓይን መጠቀም ይተዋል፤ በኋላ መነጽር ቢገዛለትም ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ከእራት በኋላ ልጆቹን ተራ በተራ አስቀምጡ። አንድ ዓይናቸውን በመዳፋችሁ ሳትጫኑ ሸፍኑ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ራቅ ብለው ያንብቡ፤ ፊደል ያልቆጠረው ጣታችሁን ይቁጠር። ከዚያ ሌላውን ዓይን ሸፍኑ። በሁለቱም እኩል ካዩ ተመስገን በሉ። አንዱ ሲሸፈን የሚነጫነጭ፣ እጃችሁን የሚገፋ ወይም «አይታየኝም» የሚል ካለ ነገ ጠዋት ወደ ጤና ተቋም ይዛችሁት ሂዱ። የልጅ ልጆቻችሁ ለጥየቃ ሲመጡም እንደ ጨዋታ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ እነሱ ይስቃሉ፣ እናንተ ታውቃላችሁ።